ከጣና ደሴቶች ግርጌ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መኪና ቡሬን፣ ጥሊሊንና ኮሶበርን አልፎ ዳንግላን ሲለቅ ከተሳፋሪው ግማሹ እንቅልፍ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ወተት አባይ ላይ ድልድይ ይሻገራል። ከድልድዩ ስር የሚያልፈው ግልገል አባይ ነው፤ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ምንጭ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚወርደውና ጣና የሚገባው ወንዝ። በነሐሴ ወር ውኃው ጠላ ይመስላል። እጁን እስከ ክርኑ የነከረ ሰው መዳፉን አያየውም። በዚያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ግን ወራጁን እየተጋፉ ሽቅብ የሚወጡ አሳዎች አሉ። ከሐይቁ ወጥተው፣ ጠጠር ያለበት ጅረት ፍለጋ የሚመጡ ናቸው። ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ስለ ውኃ ውስጥ ሕይወት ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ባሕር ነው። ሰማያዊ ውኃ፣ በቀለም ያሸበረቁ አሳዎች፣ ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር አዝሎ በኮራል መካከል የሚንሳፈፍ ጠላቂ። ይህ ሥዕል ለኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። ሰው ከውኃ በታች፣ ከላይ የሚወርድ ቱቦ ሳያስፈልገው፣ እየተነፈሰ እንዲዋኝ ያስቻለውን መሣሪያ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሠሩት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብሩኖ ቫይላቲ የመራው የጣልያን የጠላቂዎች ቡድን ቀይ ባሕር ገብቶ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ወራት አሳለፈ። ጊዜው ከ1952 መገባደጃ እስከ 1953 ነበር፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተቀላቀለችበት በመጀመሪያው ዓመት። የቡድኑ ወጣት ፊልም ሠሪ ፎልኮ ኩዊሊቺ የቀረጸው ባለ ቀለም ፊልም በ1954 «ስድስተኛው አህጉር» ተብሎ ወጣ። ከውኃ በታች በቀለም ከተቀረጹት የመጀመሪያ ረጅም ፊልሞች አንዱ የተሠራው በዚያ ዳርቻ ነው።

ከ1993 ወዲህ ያ ባሕር የኢትዮጵያ አይደለም። ዛሬ በባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ቅርቡ ጅቡቲ ነው። እዚያ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ በዓለም ትልቁ አሳ የሆነው ዌል ሻርክ ወደ ዳርቻው ይጠጋል። ርዝመቱ አሥር ሜትርን የሚያልፍ ግዙፍ ነው፤ የሚመገበው ግን በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታትን አጣርቶ ነው፤ በሰው ላይ አደጋ አያደርስም።

ለደገኛ ሰው ግን መጥለቅ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰው ወደ ውኃ በወረደ ቁጥር፣ በየአሥር ሜትሩ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ግፊት ይጨመርበታል። ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው አየር በዚያው ግፊት ልክ ስለሚመጣ ናይትሮጅን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሹ ይወጣል። ከፈጠነ ግን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ አደጋው ይከፋል። ጅቡቲ ላይ ጠልቆ በዚያው ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ መግባት የማይመከረው ለዚህ ነው። የመጥለቅ አሠልጣኞች አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራሉ። በመኪና ወደ ደጋ ለሚወጣም ጉዳዩ ያው ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን የሚገርም ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር፣ አማካዩ 8 ሜትር ያህል ብቻ። የመጀመሪያ ደረጃ የምስክር ወረቀት የያዘ ጀማሪ ጠላቂ እስከ 18 ሜትር እንዲወርድ ይፈቀድለታል። በዚህ ሚዛን ጣና ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ወለሉ፣ የጀማሪ ውኃ ነው። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአዊ ምድር የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ የሚዞሩት ጉድጓድ መሳይ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ በጥልቀት ግን ጣናን በብዙ እጥፍ ያስከነዳዋል።

ታዲያ ጣና ለምን የጠላቂ መናኸሪያ አልሆነም? አይታይማ። ወንዞቹ በየክረምቱ የሚያወርዱት ደለልና ንፋሱ ከወለሉ እያነሳ የሚበጠብጠው ጭቃ የውኃውን ብርሃን ይወስዱታል። በክረምት ከወንዝ መግቢያ አጠገብ አንድ ክንድ ርቆ ያለ ነገር ማየት ይከብዳል። ጉማሬ አለ። ከዳርቻው ጥልቀት የለሽ ውኃ ቢልሃርዝያ ይይዛል። ስለዚህ የጣናን የውኃ ውስጥ ዓለም ያወቁት ሰዎች በዓይናቸው ጠልቀው ሳይሆን በመረብ እየሳቡ፣ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ በጠረጴዛ ላይ እየለኩ ነው። ከኮራል ባሕር የማይተናነስ ጉድ ያገኙትም እንዲህ ባለው አድካሚ መንገድ ነው።

በሐይቁ 37 ያህል ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩበት ሰፊው ደቅ። ምዕመኑም ጎብኚውም እነዚህን ያውቃቸዋል፤ ስለ ሥዕሎቻቸውና ስለ ብራናዎቻቸው ብዙ ተጽፏል። ከውኃው መስመር በታች ያለው የደሴቶቹ ግማሽ ግን ገና ትውውቅ ይፈልጋል። ደሴቶቹ የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው፤ ጥቁር ቋጥኛቸው ቁልቁል ወደ ውኃው ይዘልቃል። ጭቃ በሞላው ሐይቅ ውስጥ አለት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የዚህ ቋጥኝ ስንጥቅ ለብዙ ፍጥረት ቤት ነው።

ከነዚህ አንዱ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲባል አብዛኛው ሰው የባሕር ነገር ይመስለዋል፤ በጣና ግን በጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቆ ውኃ እያጣራ የሚኖር የጨው አልባ ውኃ ስፖንጅ አለ። በ1999 ጣልያናውያን ተመራማሪዎች ለሳይንስ ሲያስተዋውቁት ማኬዲያ ታነንሲስ አሉት። ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ንግሥት ማክዳን ሳያስታውስ አያልፍም።

የዚህ ትውውቅ ባለቤት ግን ነጭ አሳ ነው።

በጣና ዙሪያ ያለ አስጋሪ የሚያወጣው አሳ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀረሶ፤ በሌላው አገር ቲላፒያ የሚባለው። ሁለተኛው አምባዛ፤ ቅርፊት የለሹና ጺማሙ። ሦስተኛው ነጭ አሳ። ገበያ ላይ ነጭ አሳ አንድ ስም ነው፤ ተመዝኖ ይሸጣል፣ ተጠብሶ ይበላል። ሳይንስ ግን በዚህ በአንድ ስም ስር 15 የተለያዩ ዝርያዎች አግኝቷል፤ የጋራ የወገን ስማቸው ላቤኦባርበስ ነው።

ይህን ለማወቅ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የመጀመሪያዎቹን ለዓለም ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተፈጥሮ አጥኚ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነስቶ ጎንደር ገባ። የቀይ ባሕርን የኮራል አሳዎች ያጠናና ለብዙዎቹም የሳይንስ ስም የሰጠ ሰው ስለነበር፣ የደሴት ዳር አሳ እንዴት እንደሚታይ ዓይኑ የሠለጠነ ነበር። ከጣና ካወጣቸው መካከል ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ነድጂያና በሶ የሚሉ ስሞች ይገኛሉ። በ1940 ጣልያናዊው ጆርጆ ቢኒ ከዚያው ሐይቅ ሃያ ያህል ዓይነቶችን ዘረዘረ። ከዚያ በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር ነገሩን ሁሉ ገለበጠው፤ ልዩነቱ የመልክ ብቻ ነው፣ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው ብሎ ጠቀለላቸው።

አሳዎቹን እንደገና የለያዩአቸው በ1990ዎቹ በባሕር ዳር ቆይተው ያጠኑት የኔዘርላንድስ ሳይንቲስቶች ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። መረብ በተነሳ ቁጥር እያንዳንዱን አሳ ለኩ፤ የራሱን ርዝመት፣ የአፉን አቅጣጫ፣ የዓይኑን ስፋት፣ በሆዱ ውስጥ የተገኘውን ምግብ። ውጤቱ አሻሚ አልነበረም። መልካቸው የተለያየ አሳዎች ምግባቸውም የተለያየ ነበር፤ የሚውሉበት የውኃ ጥልቀትም እንዲሁ። በቅርብ ዘመን ከአንድ አባት የወጡ፣ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሙያ የያዙ ወንድማማቾች ነበሩ።

አንዱን በእጅ ይዞ ማየት ነገሩን ያስረዳል። ሜጋስቶማ የተባለው አፉ ሰፊ፣ አካሉ እንደ ጦር የቀጠነ ነው። ጎርጓሪ ከጭንቅላቱ ጀርባ ጉብታ አለው፤ ከጎኑ ሲታይ የተቆጣ በሬ ይመስላል። አኩቲሮስትሪስ አፍንጫው የሾለ፣ ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ጎላ ያለ ነው። ብሬቪሴፋለስ ጭንቅላቱ ያጠረ ሲሆን በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይለቅማል። ሱርኪስ እንደ በግ ቅጠል ወዳድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሲያዩት የማይረሳው ነድጂያ ነው። ከንፈሮቹ እንደ ጎማ ወፍረው ተንጠልጥለዋል። በእነዚያ ከንፈሮች ድንጋዩን እየዳሰሰና እያሸገ በስንጥቁ የተደበቀ ትል ይመጥጣል።

ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ አሳ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ሳይንቲስቶቹን ያስደነቀውም ይህ ነበር። ነጭ አሳ የሚመደብበት ሰፊ ቤተሰብ፣ ዓለም የሚያውቀው ካርፕ ጭምር ያለበት፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው በጉሮሮው ነው። ጨጓራም የለውም፤ ምግቡ ከጉሮሮ ቀጥታ ወደ አንጀት ያልፋል። ጥርስና ጨጓራ የሌለው አዳኝ ያደነውን ነክሶ መያዝም፣ ትልቅ ነገር ውጦ ቀስ ብሎ መፍጨትም አይችልም። ስለዚህ የጣና አዳኞች ጎልማሳ ቀረሶን ትተው የጣት ቁመት የማይሞሉ ትንንሽ አሳዎችን ያሳድዳሉ። ከነዚህ አንዷ ታናፔላጊየስ የምትባል ቀጭን አሳ ናት፤ በሐይቁ መሐል ውኃ መንጋ ሠርታ ትኖራለች። በ2000 ከሳይንስ ጋር ካስተዋወቋት አጥኚዎች መካከል ኢትዮጵያዊው እሸቴ ደጀን ይገኙበታል።

እንዲህ ያለ ደካማ አዳኝ በሌላ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ በጉልበተኛ ተቀናቃኝ ይጠፋ ነበር። ጣናን ያዳነው ገደል ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የጢስ አባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር ከፍታ ይወረወራል። በሱዳን በኩል በታችኛው አባይ የሚኖረው ናይል ፐርች፣ እንደ ምሰሶ የወፈረው አዳኝ፣ ያን ገደል ወጥቶ ጣና መግባት አልቻለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰው ራሱ ናይል ፐርችን በ1950ዎቹ አስገብቶ ነበር፤ በሁለት ትውልድ ውስጥ በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩ ትንንሽ የአገሩ አሳዎች ጠፉ። ፏፏቴው ለቱሪስት ውበት ነው፤ ለነጭ አሳ ግን በር የሌለው አጥር ሆኖለታል።

የአሳዎቹ ዕድሜም የሚያስገርም ነው። ከሐይቁ ወለል የተቆፈረ ደለል ሲመረመር ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ከዚያ ረግረግ ሆነ፣ ደንገል በቀለበት፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደገና ሞልቶ በአባይ በኩል መፍሰስ ጀመረ። እንግዲህ የዛሬዎቹ አሥራ አምስቱ የተለያዩት በዚህች አጭር ጊዜ ነው ማለት ነው። በተፈጥሮ አቆጣጠር ይህ የአንድ ምሽት ያህል ነው።

እስካሁን የተነገረው ሐይቁ ውስጥ ያለው ሕይወታቸው ነው። ግማሽ ያህሉ ግን የሚወለዱት ሌላ ቦታ ነው፤ ጎጃምን የሚመለከተውም ይህ ነው።

ክረምቱ ሲበረታ፣ በሐምሌ፣ ግማሽ ያህሉ ዝርያዎች ወደ ወንዝ መግቢያዎች ይሰበሰባሉ። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፤ ከስድሳ በላይ ወንዞችና ጅረቶች ጣና ይገባሉ፤ ከውኃው አብላጫውን የሚያመጡት ግን አራት ናቸው፤ ከነዚያም ትልቁ ግልገል አባይ ነው። አሳዎቹ በወንዙ መግቢያ ቆይተው ጎርፉ ሲመጣ ሽቅብ ይነሳሉ። ዋናው ወንዝ ለእነሱ መንገድ ብቻ ነው፤ እንቁላል አይጥሉበትም። የሚፈልጉት ጥርት ያለ፣ ቶሎ የሚፈስ፣ ወለሉ ጠጠር የሆነ ትንሽ ጅረት ነው። እንስቷ እንቁላሏን በጠጠሩ መካከል ትጥላለች፤ ተባዕቱ ያዳብራል። በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውኃ ለእንቁላሉ ኦክስጅን ያመጣል። ትልልቆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ዝናቡ ቀንሶ ጅረቱ ሲጠራ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጫጩቶቹ ቀስ እያሉ ቁልቁል ይወርዳሉ።

ጠጠሩ መካከል ጭቃ ከገባ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። አንድ ገበሬ ዳገቱን ቁልቁል ካረሰ፣ አፈሩ በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ጅረት ገብቶ ጠጠሩን ይለብጠዋል። ምዕራብ ጎጃም አፈሩ ወፍራም ነው፤ ዳገቱም ብዙ ነው፤ ሰውም በዝቷል። የሰከላ ገበሬ በእርከኑ ላይ የሚያውለው ጉልበት የራሱን ገብስና ድንች የሚያድን መሆኑን ያውቃል። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ ዶማውን ይዞ የሚወጣውም ለዚያ ነው። ያ እርከን ርቆ ባለ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር አሳ የልጆቹን አልጋ የሚጠብቅ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም፤ ሊነገረው ይገባል።

ከሰከላ ተራራ በስተደቡብ ያለው ውኃ ደግሞ ሌላ ዕጣ አለው። የፍኖተ ሰላሙ ላህ፣ የቡሬው ፈጣም፣ ብር ወንዝም ወደ ጣና አይሄዱም። በቀጥታ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ አባይን የሚያገኙትም ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ነው። በአንድ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ በሁለት ይከፈላል። በሰሜን የወደቀው ጠብታ የጣናን አሳ ያሳድጋል፤ በደቡብ የወደቀው ግን ከታችኛው አባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ወደ ጣና የሚመለስበት መንገድ የለም። ከፍኖተ ሰላም ልጅ ይልቅ የሰከላው ልጅ ለጣና ደሴቶች ጎረቤት ነው።

ግሽ አባይን ያዩ ታዋቂ እንግዶች ጥቂት አልነበሩም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ደረሰ፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 መጣ። ሁለቱም ምንጩን አዩ፣ ስለ ምንጩ ጻፉ። የአገሬው ሰው ጠበሉን ያከብራል፣ ለፈውስ ይጠመቅበታል። ስለ ውኃው ብዙ ተባለ፤ በውኃው ስለሚኖሩት ግን ጥቂት።

የሐይቁን ዳርቻ ኑሮ ከአሳው ጋር ለብዙ ዘመን ያዛመዱት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ታንኳው ውኃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ዳር አውጥተው ያቆሙታል። የጣና ደንገል ስሙ እስከ አትላንቲክ ደርሷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት የሞከረባትን «ራ» የተባለች ጀልባ ያሠራው ከዚህ ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል ነበር። ታንኳው በነፋስ ቀን ሩቅ ስለማይሄድ አሳው ሐይቁ መሐል እንደ ልቡ ይኖር ነበር። በ1986 ሞተር ያለው ጀልባና ናይለን መረብ ገባ፤ ለኑሮ ጥሩ ነበር፤ ባሕር ዳር ገበያም አሳ ጠገበ።

መረቡ ግን በክረምት ከወንዝ መግቢያ ላይ መዘርጋት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ወር፣ ልትወልድ የተዘጋጀች እንስት ሁሉ በአንድ በር ታልፋለች። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከ1991 እስከ 2001 ያለውን መዝገብ ሲያወዳድሩ፣ በወንዝ የሚራቡት የነጭ አሳ ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰው አገኟቸው። ገና ያላደጉት ደግሞ ወደ 90 በመቶ። በወንዞቹ ውስጥ ዛሬም ድረስ ብርብራ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ አድቅቀው ውኃ ላይ የሚበትኑ አሉ። ፍሬው አሳውን ያፍዘዋል፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሴ አንተነህና ሌሎች ተመራማሪዎች በየወንዙ እየወረዱ የመራቢያ ቦታዎቹን ሲመዘግቡ፣ የወንዝ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ እየተጫነ መሆኑንም አይተዋል።

ግድብም አለ። በግልገል አባይ ገባር በቆጋ ላይ፣ መራዊ አጠገብ፣ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ለሜጫ ገበሬ በበጋ ማምረት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። አሳው ግን በግድቡ ላይ መውጫ መንገድ የለውም። ወደፊት በሌሎች ወንዞች ላይ የሚሠሩት ግድቦች ቢያንስ የአሳ መውጫ ደረጃ ቢኖራቸው ከመላው ግንባታ ዋጋ አንጻር ወጪው ትንሽ ነው። ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ አረምም የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳር ሸፍኖ ጫጩቶች የሚያድጉበትን ጥልቀት የለሽ ውኃ ብርሃን ነስቶታል፤ ስለ እሱ ግን ብዙ ተወርቷል።

ጣና በአሳው ብቻውን ቀርቷል ማለት ማጋነን አይደለም። ከነጭ አሳ ጋር የሚነጻጸር የአንድ ሐይቅ ልዩ ልዩ ትልልቅ የካርፕ ወገኖች የነበሩት በፊሊፒንስ፣ በላናዎ ሐይቅ ነበር። እዚያ ከውጭ የመጡ አሳዎች ገቡ፣ አጠማመዱም አልታገደም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 ባወጣው መዝገብ ከ17ቱ የዚያ ሐይቅ ልዩ አሳዎች 15ቱ ጠፍተዋል። እንግዲህ በምድር ላይ ከነሙሉ ቤተሰቡ የተረፈው የጣናው ነው። ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህ እንዲጠበቅ ነበር።

ሕጉ ከዚያም ይቀድማል። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 ወጥቷል፤ በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን የሚከለክልና የመረብ ዓይን እንዲወሰን መሠረት የሚጥል ነው። የሚጎድለው በሐምሌ ሌሊት ከግልገል አባይ መግቢያ የሚቆም ሰው ነው። አስጋሪውም ያለ ምክንያት አያጠምድም፤ በዚያ ሰሞን ሌላ ገቢ የለውም፣ ፍልሰታም ስለሚገባ አሳ የሚበላው ሰው ገበያውን ያሞቀዋል። ስለዚህ መፍትሔው መከልከል ብቻ ሊሆን አይችልም። ወንዙ መግቢያ ላይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረብ የማይዘረጋበት ክልል ከተለየ፣ አስጋሪው ለዚያው ጊዜ ቀረሶን ከሌላ ቦታ ማውጣት ይችላል፤ ቀረሶ ለመራባት ወደ ወንዝ ስለማይሰደድ የዚያን ሰሞን መጠመዱ ነጭ አሳን ያህል አይጎዳውም።

አንባቢው በሚቀጥለው ነሐሴ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ፣ ወተት አባይ ድልድይ ላይ መስኮቱን ከፍቶ ይመልከት። የሚያየው ጭቃ ውኃ ብቻ ነው፤ አሳው በዚያች ሰዓት ከሥሩ ሽቅብ እየወጣ ነው። በገበያ እንቁላል የያዘች ነጭ አሳ ስትቀርብለት እስከ ጥቅምት አይግዛት። በዚያው ጎዳና ላይ የሚቀርበው ቀረሶ ለጉላሽም ለጥብስም ያገለግላል።